«ሆድ ባሰኝ» ስላት ሆዴን ጫን ጫን አደረገችው

የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሲስተር ከደሴ ትመልሳለች

ጥያቄ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን ሲስተር። ሐይቅ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባህልና ጤና እንዴት እንደሚገናኙ የሚያስተምር ማስተርስ ውጭ አገር እንዳለ ሰምቼ ለማመልከት ወረቀት እያሰባሰብኩ ነው። ቤት ውስጥ ግን መሳቂያ ሆኛለሁ። አጎቴ የቅሬያችን (የእድራችን) ዳኛ ናቸው። «ባህል ልማር ብለሽ ፈረንጅ አገር? ባህሉ እዚህ ጓዳሽ ተቀምጦ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። እርስዎ ሄደው፣ ተምረው ተመልሰዋል ሲባል ሰማሁ። ምን አገኙበት? ልሂድ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰ. ነኝ፣ ከሐይቅ

መልስ

እህቴ ሰ.፣ አጎትሽን ሳላያቸው ወደድኳቸው። የጠየቁሽ እኮ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኔም ስሄድ መልሱን አላውቀውም ነበር። ያገኘሁትም ክፍል ውስጥ አይደለም፤ አልጋ ላይ ነው። የሐኪም አልጋ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጋ ላይ፣ ለጋምቦ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ከሠራሁ በኋላ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ትምህርቱን ሜዲካል አንትሮፖሎጂና ሶሲዮሎጂ ይሉታል። የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። መስከረምና ጥቅምት እንደምንም አለፉ። ኅዳር ላይ ከቀኑ አሥር ተኩል ሲል መጨለም ጀመረ። ደሴም ጉም አለ፤ የጦሳን ተራራ ቀኑን ሙሉ የማናይበት ጊዜ አለ። የደሴ ጉም ግን ከሰው ጋር ነው። እዚያ ቡና ለመጠጣት እንኳ ቀጠሮ ይያዛል። አንዷ የክፍሌ ልጅ አጀንዳዋን ገልጣ «የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይመችሻል?» ስትለኝ የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አልቀለደችም።

በዚያው ሰሞን የአክስቴን ሞት ሰማሁ። ካረፈች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። «ፈተና ላይ ናት» ተብሎ ተደብቆብኝ ነው። ወንድሜ በስልክ ስለ ቤት ኪራይ እያወራኝ «አላህ ይማራትና እሷ ብትኖር ኖሮ» ብሎ አመለጠው። አክስቴ እስላም ናት፤ የእኛ ቤት እንደ ብዙ የወሎ ቤት ግማሽ በግማሽ ነው። ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነኝ። ምድጃው ላይ ፓስታ ይፈላል። ማልቀስ ፈለግኩ፤ ግን ብቻውን የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም። እኛ ዘንድ ለቅሶ በሰው ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ጀማሪም ተቀባይም እኔው ሆንኩ። እምቢ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም። እህል አልወርድ አለኝ። በአሥረኛው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እዚያ አገር ሰው ሁሉ የሰፈር ሐኪም አለው፤ ሃውስአርትስ ይሉታል። ስፔሻሊስት ልታዪ ብትፈልጊ መጀመሪያ በእሱ በኩል ነው የምታልፊው። አንዱ ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ነው። የእኔዋ ሐኪም ደግ ሴት ነበረች። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

አንቺ ብትሆኚ ምን ትያት ነበር? እኔ ለሐዘን ያለኝ ቋንቋ አንድ ነው። ሆድ ባሰኝ። ሆዴ ባባ። ሆዴ ተላወሰ። ይህንኑ በእንግሊዝኛ ገልብጬ ሆዴ ልክ አይደለም፣ ሆዴ ታወከብኝ አልኳት። እሷም በሙያዋ አስተናገደችኝ። አልጋው ላይ አስተኛችኝ። እጇን አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችና ሆዴን ከላይ ከታች፣ ከግራ ከቀኝ ጫን ጫን አደረገችው። ተቅማጥ አለሽ? ምን በላሽ? ከአገርሽ የመጣሽው መቼ ነው? ሰገራ ይመርመር። እስከዚያ ፓራሲታሞል ውሰጂ፤ በሁለት ሳምንት ካልተሻለሽ ተመለሺ።

ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ሳቄ መጣ። ከዚያ ሳቄ ተቆረጠ። አንዲት ሴት ትዝ አለችኝ።

ለጋምቦ ሳለሁ በሦስት ወር ውስጥ አራት ጊዜ የመጣች እናት ነበረች። «ሆዴን ያቃጥለኛል፣ ልቤን ይወጋኛል፣ እንቅልፍ የለኝም» ትለኛለች። እኔ ካርዷ ላይ ጨጓራ ብዬ ጻፍኩ። መጀመሪያ ሲሜቲዲን ሰጠኋት። አልተሻላትም። ኦሜፕራዞል ቀየርኩላት። በአራተኛው «በርበሬ ቀንሽ አላልኩሽም?» ብዬ ተቆጣኋት። ነጠላዋን አፏ ላይ ያዝ አድርጋ «እሺ» ብላ ወጣች። ሁለተኛ አልመጣችም። ነገሩን የነገረኝ ዘበኛችን ነው። ልጇ በአፋር አድርጎ፣ ከጅቡቲዋ ኦቦክ ባሕር ተሻግሮ፣ ጅዳ እገባለሁ ብሎ ከወጣ ስምንት ወሩ። ድምፁ ጠፍቷል። የሴትዮዋን ሆድ ያቃጠለው በርበሬ አልነበረም።

የአምስተርዳሟ ሐኪምስ ቋንቋዬን አታውቅም፤ ምን ታድርግ? እኔ ግን የዚያች የለጋምቦ እናት የአገሯ ልጅ ነኝ። «ሆዴን» ስትለኝ ሆዷን ብቻ ሰማሁ። ምን ሰበብ አለኝ?

እንግዲህ ለአጎትሽ ይህን ንገሪያቸው። ባህሉ ጓዳ ነው ማለታቸው ልክ ነው። ጓዳ ያለውን ዕቃ ግን እጃችን ነው የሚያውቀው፤ በጨለማም ገብተን እናነሳዋለን። ዓይናችን አያየውም። እኔ ሰው ጓዳ ገብቼ፣ ዕቃው የት እንዳለ ጠፍቶኝ፣ ሲያደናቅፈኝ ነው የራሴን ጓዳ ያየሁት።

ክፍል ውስጥ የተማርኩት ደግሞ ለዚህ ስም ሰጠልኝ። አርተር ክላይንማን የሚባል አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም አለ። አንትሮፖሎጂስትም ነው፤ ሃርቫርድ ያስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1980 ቻይና፣ ሁናን ሄዶ ሐኪሞቹ «የነርቭ ድካም» ያሏቸውን 100 ሕመምተኞች መረመረ። ራሴን ያመኛል፣ ይደክመኛል፣ እንቅልፍ የለኝም ነበር የሚሉት። 87ቱ ከባድ ድባቴ ያለባቸው ሆነው ተገኙ። «አዝኛለሁ» ብሎ የመጣ ግን ጥቂት ነው። ከባህል አብዮቱ ማግስት «ከፍቶኛል» ማለት የፖለቲካ ጥርጣሬ ያመጣ ነበር። ራስ ምታት ግን ማንም አይጠረጥረውም። ይህን ሳነብ ያቺ የለጋምቦ እናት ነጠላዋን እንደያዘች መጥታ ፊቴ ተቀመጠች።

ክላይንማን ሐኪም የሚያየውንና ታማሚው የሚኖረውን ይለያል። እኛ እኮ ቃሉ ነበረን። በሽታ እንላለን፣ ሕመም እንላለን። በሽታው ካርዱ ላይ ይጻፋል፤ ሕመሙን ሰውየው ይዞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1978 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ደግሞ ሐኪም ታማሚውን ቢጠይቅ ያላቸውን ጥያቄዎች ዘረዘረ። ምን ያመጣው ይመስልዎታል? ለምን አሁን ጀመረዎት? ከሕመሙ በጣም የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? በሕክምናው ምን እንዲለወጥልዎ ይፈልጋሉ? እንዲህ ያሉ ናቸው። ቀላል ይመስላሉ። እስቲ ነገ ሃምሳ ሰው በተሰለፈበት ጠይቂያቸው! እኔ ሁለቱን ብቻ እጠይቃለሁ። ምን አመጣው፣ ምኑን ይፈራሉ።

አንዱን ላጫውትሽ። ከተመለስኩ በኋላ ነው። ከወግዲ በኩል የመጡ አዛውንት ናቸው። ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበዋል። ሲገልጡት አፍንጫቸው ላይ ቁንጭር። ቁስሉ ጉንጫቸውን ይዞ ሄዷል። «አባቴ፣ ምን ያመጣው ይመስልዎታል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የተማርሽው አንቺ፣ የምትጠይቂው እኔን?» አሉ። ቆይተው ግን ነገሩኝ። የሌሊት ወፍ ሸንቶባቸው ነው። ከብት ሲጠብቁ ገደል ሥር፣ ዋሻ አፍ ላይ ያድራሉ።

እዚህ ላይ ልብ በይ። ድሮ ብሆን «የሌሊት ወፍ አይደለም» ብዬ ወደ መርፌው እሄድ ነበር። ቁንጭርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው። ዝንቡ የሚራባው ገደልና ዋሻ አካባቢ ነው። ጥገኛ ተውሳኩን ይዞት የሚኖረው ደግሞ እዚያው ድንጋይ ሥር ያለው ሽኮኮ ነው። እንግዲህ አዛውንቱ ቦታውን አልሳቱም፤ ሰዓቱንም አልሳቱም፤ የሳቱት እንስሳውን ብቻ ነው። የሦስት ዓመት የነርስ ትምህርት ቤት ዕውቀት ቦታውን አልነገረኝም ነበር። «የሚያስፈራዎትስ?» አልኳቸው። መርፌውን አልፈሩም። የፈሩት ጠበሉን ነው። ሰባት ሱባዔ ጀምረው ሁለቱን ሳይፈጽሙ ነው የመጡት፤ «አቋርጠህ ብትሄድ ይብስብሃል» ተብለዋል። ሕክምናው ለሳምንታት በየቀኑ መርፌ ነው። ይህን ፍርሃት ይዘው ቢጀምሩ በአምስተኛው ቀን ጠፍተው ይሄዱ ነበር። «ጠበሉንም አይተዉ፣ መርፌውንም አያቋርጡ» አልኳቸው። ሌላ የሠራሁት ጥበብ የለም። ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ላክናቸው። (ቦሩ ሜዳ ሲባል ታሪክ የሚወድ ሰው የ1870ውን የአፄ ዮሐንስ ጉባኤ ያስታውሳል። የእኛ ሰው ግን ቦሩ ሜዳ ካልሽው ቆዳ ሕክምና ነው የሚታየው።) መርፌውን ጨርሰው ሲመለሱ ገብስ ይዘውልኝ መጡ።

አሁን ደግሞ ፈረንጆቹን። ስሄድ እዚያ ሳይንስ ብቻ ያለ፣ ባህል እኛ ዘንድ የቀረ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ ወለደች። የት? እቤቷ! ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ባለ ቤት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። አዋላጇ በብስክሌት መጣች። ሆላንድ አገር ስጋት የሌለባት ነፍሰ ጡር ከፈለገች በአዋላጅ እጅ ቤቷ መውለድ ትችላለች። እኔ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ቤት ውስጥ መውለድ ይቁም» እያልኩ በየቀበሌው የጮኽኩ ሰው ነኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ከወለደች በኋላ ደግሞ ክራምዞርግ የሚሏት ባለሙያ መጣች። ለስምንት ቀን ያህል በየቀኑ እየመጣች አራሷንም ሕፃኑንም ትከታተላለች፣ ጡት አያያዝ ታሳያለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ እንግዳ ታስተናግዳለች። ጤና መድኅኑ ነው በአብዛኛው የሚከፍላት። እንግዳው ሲመጣ ክብ ደረቅ ዳቦ ላይ ቅቤ ተቀብቶ፣ በላዩ በስኳር የተለበጠ የአኒስ ፍሬ ተነስንሶ ይቀርባል። ፍሬዎቹን «ትናንሽ አይጦች» ይሏቸዋል። ለሴት ሮዝ፣ ለወንድ ሰማያዊ። ለምን አኒስ ብዬ ጠየቅኩ። «ድሮ ወተት ያመጣል ይባል ነበር» አለችኝ ጎረቤቴ። እኔም አፌ ውስጥ አይጡን እያኘክሁ ገንፎ ትዝ አለኝ። መሐሉ ጎድጎድ ተደርጎ ቅቤ የሞላበት፣ ዙሪያውን ሴቶች የተቀመጡበት የአራስ ገንፎ።

አደራ፣ ይህን የምልሽ እናቶች ቤት ይውለዱ ለማለት አይደለም። እዚያ ደም ቢፈስ አምቡላንሱ በደቂቃዎች ይደርሳል፤ ለጋምቦ ላይ በክረምት ቃሬዛ ነው። የገረመኝ ሌላ ነው። እኛ እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ ስናመጣት ገንፎውን፣ ቡናውን፣ እጇን የምትይዝላትን ጎረቤት፣ «ማርያም ማርያም» እና «ያ ፋጢማ» በአንድ ትንፋሽ የሚባልበትን ቤት በር ላይ አስቀምጣ እንድትገባ አደረግን። ብርድ ክፍል ውስጥ፣ ጠባብ አልጋ ላይ፣ በጀርባዋ። ከዚያ አልመጣ ስትል «የግንዛቤ እጥረት» ብለን ሪፖርት ጻፍን። ፈረንጆቹ ግን ገንፏቸውን ከሕክምናው አልለዩትም። በኋላ የእኛም ጤና ጣቢያዎች ለእናቶች ማቆያ ሲሠሩ ገንፎ ማገንፊያና የቡና ረከቦት ሲያስገቡ ሳይ ደስ አለኝ። አንቺም ጤና ጣቢያ ካለ ታውቂዋለሽ። ከሌለ ለማስተርስሽ ሳትሄጂ ዛሬ ጀምሪው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ይህን ትምህርት የቀመሰ ሰው ሁሉን ነገር ባህል ማለት ያምረዋል። ድህነትን ባህል እንዳትይው። የመጀመሪያ ቀን ስሜንና አገሬን ስናገር ልጆቹ ወሎ የሚለውን ስልካቸው ላይ ጻፉ። የወጣላቸው የ1977ቱ ኮረም ነው። ያኔ ኮረም ወሎ ውስጥ ነበረች። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 ያሳየው ያ ምስል። አንዱ ልጅ ቅን ሆኖ «ሕዝቡ ለረሃብ ያለው ባህላዊ አመለካከት ምንድን ነው?» አለኝ። «መብላት ነው የምንፈልገው» አልኩት። ክፍሉ ፀጥ አለ። አስተማሪው ግን ሳቀ፤ ጥሩ አስተማሪ ነበር። ሴትዮዋ ክትትል ያልመጣችው ባህሏ ከልክሏት ነው ከማለትሽ በፊት መንገዱን ቁጠሪ፣ የባጃጁን ሒሳብ ቁጠሪ፣ ከብቱን ማን እንደሚያግድላት ጠይቂ።

የት ልሂድ ለምትይው። አምስተርዳምን ነግሬሻለሁ። እንግሊዝ አገር ያለው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደንም የአንድ ዓመት የሜዲካል አንትሮፖሎጂ ማስተርስ አለው። ግሎባል ኸልዝ የሚሉት ሌላ ነው፤ እሱ ቁጥርና ፖሊሲ ይበዛበታል። የኮርሶቹን ዝርዝር ሳታነቢ አታመልክቺ። ገንዘቡን በተመለከተ የእንግሊዝ መንግሥት ቺቭኒንግ የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ አንቺ አለሽ። ሦስት ኮርስ አስመርጦ ያስሞላሻል፤ ስትጨርሺም አገርሽ ተመልሰሽ ቢያንስ ሁለት ዓመት ትቆያለሽ። ኤራስመስ ሙንደስ ደግሞ ከአንድ በላይ አገር እየዞርሽ የምትማሪበት ነው። ሁለቱም ለማመልከት ብር አይጠይቁም። ፒያሳ ቢሮ ከፍቶ «ስኮላርሺፕ አስጨርሳለሁ፣ ቅድሚያ ክፈሉ» የሚልሽን ሰው ሰላም ብለሽ እለፊው።

ማመልከቻሽ ላይ «ባህል በጤና ላይ ያለውን ተጽዕኖ ማጥናት እፈልጋለሁ» ብለሽ እንዳትጀምሪ። እሱን ሁሉም ይጽፈዋል። አንዲት ሰው ጻፊ። ሐይቅ ላይ ያየሻትን፣ ያልገባችሽን፣ እስከ ዛሬ የምታስቢያትን። የለችም እንዳትይኝ፤ አለች።

የመመለሻውንም እውነት ልንገርሽ። ድግሪዬን ይዤ ስመጣ አንድ ቢሮ ያሉ ሰው ወረቀቱን ገልብጠው ገልብጠው አዩና «ይህ ሙያ መዋቅሩ ላይ የለም» አሉኝ። ሁለት ዓመት በድሮ ደመወዜ ሠራሁ። ያንቺም እንዲሁ ሊሆን ይችላል። እኔ እሄድ ነበር ወይ ካልሽኝ፣ እሄድ ነበር። አንቺ ግን የቤት ኪራይሽንም አስቢ።

ጥያቄ

ሲስተር፣ እኔ ሕክምና አልተማርኩም፤ ሶሲዮሎጂ ነው የተመረቅኩት። እናቴ ወዳጃ ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ ዱአ በሚያደርግበት፣ የምትቀመጥ ዱበርቲ (ዱአ የምታደርግ እናት) ናት። ስለ ወዳጃና ስለ ሕመም ባጠና ውጭ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉኛል? ወይስ ኋላ ቀር ይሉኛል?

ከወልዲያ

መልስ

ወንድም ዓለም፣ እነሱ ኋላ ቀር አይሉህም፤ እንዲያውም በጣም ደስ ብሏቸው እንዳያስቸግሩህ ነው የምፈራው። የሕክምና ድግሪ ግዴታ አይደለም። ከክፍሌ ልጆች ገሚሱ እንዳንተ ከማኅበራዊ ሳይንስ የመጡ ነበሩ።

እኔ ለመመረቂያዬ ካሉ ወረዳ ውስጥ አንድ ወዳጃ ላይ ተቀምጫለሁ። ልጅ የታመመባት እናት መጥታ ነበር። ቡናው ፈልቷል፣ ጫቱ ቀርቧል፣ ዕጣኑ ቤቱን ሞልቶታል። ልጁን በመሐል አስቀመጡት። አንዷ ዱአ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ «አሚን» ይላሉ። ድምፁ ከፍ ሲል እናትየው አንገቷን ደፍታ አለቀሰች። ለአንድ ሰዓት ያህል ያ ልጅ የእሷ ብቻ ሳይሆን የአሥራ አምስት ሴት ልጅ ሆነ። ሲያልቅ አሮጊቷን «እማማ፣ ይህ ጸሎት ነው ሕክምና?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጅ ሲታመም ማን ለይቶ ይጣራል?» አሉኝ። ጠዋት ልጁን ጤና ጣቢያ ያደረሱት ራሳቸው ናቸው። ሳንባ ምች ነበር።

ይህን ጻፍ። ግን እናትህን አስፈቅድ። ሰዎቹንም አስፈቅድ። «እዚህ ፈርሙ» ብለህ ወረቀት ብታወጣ መሬት ሊነካ ነው ብለው ይሸሹሃል። መጀመሪያ አበጋሮቹን፣ አስታራቂ ሽማግሌዎቹን፣ አናግር፤ ከዚያ ቃላቸውን በድምፅ ተቀበል። ዩኒቨርሲቲህ የሚፈልገው ፈቃዱን እንጂ ፊርማውን ብቻ እንዳልሆነ አስረዳቸው።

ጥያቄ

ለተከበርሽው ሲስተር። ልጄ ለማስተርስ ወደ ቤልጂየም ልትሄድ ነው። ኮምቦልቻ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። እናቷ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቋንጣና ንጥር ቅቤ እያዘጋጀች ነው። እኔ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የእኔ እናት ዘጠና አልፏቸዋል፤ ልጅቷን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ምናልባት እሷ እዚያ ሳለች ክፉ ነገር ቢደርስ እንንገራት ወይስ እስክትጨርስ እንደብቃት?

ከኮምቦልቻ

መልስ

አባባ፣ ከቀላሉ ልጀምርልዎት። ሽሮና በርበሬ ይሂድ። ቋንጣውና ቅቤው ግን ይቅር። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ማስገባት ክልክል ነው። የእናቴን ቅቤ ዓይኔ እያየ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲገባ ያየሁ ሰው ነኝ። ኮረሪማና በሶብላ ይዤ ነበር፤ እነሱ አለፉ። እዚያ ስትደርስ ቅቤ ገዝታ ራሷ ታንጥረው። ወፍራም ካፖርትም ከዚህ አይግዙላት፤ የእኛ ካፖርት ለእነሱ ጥር አይሆንም። የጤና መድኅኗን ግን ሳትነሳ ይጠይቁ፤ ስኮላርሺፑ የሚከፍል ከሆነ በጽሑፍ ይሁን።

ወደ ትልቁ ጉዳይ። እዚያ አገር ሐኪም ለታማሚው ፊት ለፊት «ካንሰር ነው፣ ይህን ያህል ጊዜ ሊቀርሽ ይችላል» ይላል። መጀመሪያ ስሰማ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። እኛ ደግሞ ቤተሰብ ሐኪሙን በር ላይ ጠብቆ «ለእሷ እንዳትነግራት» ይላል። ለእነሱ መደበቅ ንቀት ነው፤ ለእኛ መናገር ጭካኔ ነው። ልጅዎ በሁለቱ መሐል ነው የምትኖረው።

እኔን ደብቀውኝ ነበር። ያለፈውን ልቅሶ ብቻዬን፣ በስልክ፣ በስህተት ሰማሁት። ቤተሰቦቼን አልወቅስም፤ ስለወደዱኝ ነው። ግን ከአክስቴ ሞት ይልቅ ያ ሦስት ሳምንት ነው የቆየብኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት እኔ እየሳቅኩ ደውዬላቸዋለሁ፣ እነሱም እየሳቁ አውርተውኛል። ከዚያ በኋላ ለወራት ቤት ስደውል ድምፃቸውን ነበር የማዳምጠው፤ ምን ደብቀው ይሆን እያልኩ።

ስለዚህ ይንገሯት። ግን እንደ መርዶ ወጉ ይንገሯት። በቴክስት አይሆንም። ብቻዋን ሳለች በስልክም አይሆንም። እኛ መርዶ ስንነግር ሰው ሰብስበን፣ በማለዳ፣ ሳትወጣ፣ እቤቷ ሄደን አይደል? እዚያም ይቻላል። ልጅዎ በምትሄድበት ከተማ ሐበሻ አይጠፋም፤ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ሰው አለ፣ ቀደም ብሎ የሄደ ተማሪ አለ። ገና ስትደርስ ከአንዷ በዕድሜ ገፋ ካለች ሴት ጋር ያስተዋውቋት፤ ስልኳን እርስዎ ይያዙት። ቁጥሩ እርስዎ ዘንድ መኖሩን ለልጅዎ አይንገሯት። ቀኑ ከመጣ ለዚያች ሴት ይደውሉ። ሁለት ሦስት ሆነው በጠዋት በሯን ያንኳኩ። ዳቦም ይዘው ይሂዱ፤ ለብዙ ሰዓት ማንም ምግብ አያስብም።